ቆሻሻ ቻይ ቀለም

ሰው ሲደክመው የሚያርፍበት ቀን አለው ይላሉ። ይህን ያለ ሰው የታመመ ሰው አንሶላ አጥቦ አያውቅም። ታናሿ እህት ሳምንቱን ሙሉ በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ ስማቸውን የማታውቃቸውን ሰዎች አንሶላ ስታጥብ ትውላለች። ማታ ቤቷ ስትገባ ደግሞ የእናቷ አንሶላ ይጠብቃታል። ቅዳሜ ሆስፒታሉ ይቀራል፤ አንሶላው ግን ቅዳሜ የሚባል ነገር አያውቅም።

ቤተሰቡ የሚጠራት ሚጣ እያለ ነው። በልጅነቷ የወጣላት ስም አርባ ዓመት ሲሞላትም አልለቀቃትም። ፀጉሯ መሸበት ጀምሯል፣ ካጎነበሰችበት ስትቃና ወገቧ ቋ ይላል፣ እጇ ከበረኪና ብዛት የአሮጊት እጅ መስሏል፤ ስሟ ግን ያው ሚጣ ነው። እናትየዋ ስትወድቅ ማንም ቁጭ ብሎ ሳይመክር፣ ማንም ሳይወስን፣ «እሷ እንደሁ ባል የላት፣ ልጅ የላት» ተባለና እናት ሚጣ ዘንድ ቀረች። ባልና ልጅ የሌለው ሰው ድካምም የሌለው ይመስላቸዋል።

እናትየዋ ወድቃ ዳሌዋን ከሰበረች ወዲህ ከአልጋ አልወረደችም። እግሯ ከዳት እንጂ ምላሷና ጆሮዋ ደህና ናቸው። እንዲያውም እግሯ የተወውን ሥራ ጆሮዋ ደርቦ ሳይዘው አልቀረም፤ ከላይ ፎቅ ያሉት ባልና ሚስት በምን እንደተጣሉና በምን እንደታረቁ ከራሳቸው ቀድማ ታውቃለች።

ሚጣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ይዛ መዞር ከጀመረች ቆይታለች። «እትዬ፣ እማዬን ለተወሰነ ጊዜ አንቺ ውሰጃት።» ይቺው ናት። ማሽኑ ሲሽከረከር በልቧ ትላታለች፣ አውቶቡስ ስትጠብቅ ትላታለች፤ ታለሳልሳታለች፣ «እባክሽ» ትጨምርባታለች፣ መልሳ ደግሞ ታወጣዋለች። ታላቅ እህቷ በመጣች ቁጥር ዓረፍተ ነገሯ ምላሷ ጫፍ ድረስ ትመጣና እዚያው ትቀራለች። ቤቱ አንድ መኝታ ክፍልና አንዲት ጠባብ ሳሎን ነው፤ የእናትየዋን ጆሮ ደግሞ ግድግዳ አያግደውም። እናት እየሰማች እናትን ውሰጂልኝ እንዴት ይባላል? አይ፣ ይቺን ነገር ሆድ ይፍጃት ትላለች። ከዚያ ታላቋ ጉንጯን ስማት ትሄዳለች፤ ሚጣም ባልዲዋን ታነሳለች።

የዛሬዋን ቅዳሜ ግን ቆርጣ ነው የጠበቀቻት። ሐሙስ ዕለት ሥራ ቦታ ቆማ አንቀላፍታ፣ ግንባሯ ከማሽኑ በር ጋር ተጋጭቶ ነበር የነቃችው። አለቃዋ «አንቺ ቤትሽ አትተኚም እንዴ?» ቢላት አንሶላውን ከማሽኑ ማውጣት ጀመረች። እብጠቱ እስካሁን አልጠፋም። ዛሬ ካልተናገረች መቼም እንደማትናገር ገብቷታል።

ታላቋ እህት በር ላይ ስትታይ ግን ከራሷ የሚበልጥ ፌስታል ታቅፋለች። መጋረጃ ሱቅ ውስጥ ሻጭ ናት፤ መስኮት ለሌለው ሰው መጋረጃ ታስገዛለች እየተባለ ይቀለድባታል።

«አዲስ ናሙና ስለመጣ አሮጌውን ውሰጂው አሉኝ» አለች፣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ። ከዚያ ወደ መኝታ ክፍሉ አንገቷን አስግጋ ጮኸች፦ «እማዬ! ደሪቶ ልንሠራልሽ ነው!»

ደሪቶ የሚለውን ቃል ስትሰማ እናትየዋ ትራሷ ላይ ቀና ለማለት ሞከረች። በጉልበቷ ዘመን የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ነበረች። ከዩኒፎርሙ የተረፈው ቁርጥራጭ እርስ በርሱ ተገጣጥሞ፣ ገበር ተደርጎለት፣ መሃሉ ጥጥ ገብቶበት የልጆቿ ብርድ ልብስ ይሆን ነበር። ደሪቶ የምትለው ይህንኑ ነው።

ሚጣ ፌስታሉን አየችው፤ ዓረፍተ ነገሯንም አሰበች። «አሁን ደሪቶ ነበር የጎደለኝ» አለች በልቧ። መቁረጡ፣ መስፋቱ፣ ከሁሉም በላይ ማጠቡ ዞሮ ዞሮ ማን ላይ እንደሚወድቅ ማንም ሊነግራት አያስፈልግም። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው።

ሌላ ቦታ ስለሌለ ጨርቁ የተዘረጋው እናትየዋ እግር ላይ ነበር። ናሙናዎቹ ሰፋፊ አራት ማዕዘን ናቸው፦ ነጭ ሳቲን፣ ክሬም ዳንቴል፣ ሮዝ፣ ፈዛዛ ሰማያዊ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ ከፋይ፣ ቡናማ፣ ግራጫ፣ ቅጠልያ፣ ባለ መስመር፣ ባለ አበባና አንድ ቢጫ። ከአንዳንዱ ሁለት ሦስት አለ። የተዘረጋው አልጋ አምሮ ነበር፤ ሚጣ እንኳ አልካደችም።

«እንደ ድሮው» አለች እናትየዋ።

እንደ ድሮው ማለት እንዲህ ነው። ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ በቀለም እየተጣሉ ቢያስቸግሯት እናትየዋ ሕግ አወጣች። የሚወዱትን መምረጥ የለም፤ የሚጠሉትን ማውጣት ነው። ጨርቁ ሁሉ ይዘረጋል፤ ሁሉም በየተራው አንድ ዓይነት ያወጣል። የወጣ አይመለስም። «በቃኝ፣ የቀረው ይሰፋ» እስኪባል ድረስ ይቀጥላል። «በሚወዱት ነገርማ ማን ይስማማል?» ትል ነበር፤ «ሰው የሚስማማው በሚጠላው ነው።»

ታላቋ በታላቅነቷ ጀመረች። ቡናማውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አነሳችና ወንበሩ ላይ ወረወረችው። «የድንች ጆንያ ይመስላል» አለች።

ሚጣ ቡናማውን በዓይኗ ሸኘችው። ከዚያ ሁሉ ጨርቅ ልቧ ያረፈው እሱ ላይ ነበር። ወፍራም ጥጥ ነው፤ ቢታጠብ ቢታጠብ ፊቱ የማይለወጥ፣ ቆሻሻ ቻይ። እሷም ተራዋ ሲደርስ ነጩን ሳቲን አወጣች።

«ነጩን? ምን አደረገሽ?»

«ምንም አላደረገኝም።»

ታላቋ ግራጫውን አወጣች፤ «ይሄማ የሬሳ ክፍል ቀለም ነው።» ሚጣ ዳንቴሉን አወጣች፤ ጥፍር ሲይዘው ክሩ ይመዘዛል። ታላቋ ጥቁር ሰማያዊውን፣ ሚጣ ሮዙን። ታላቋ ወይን ጠጁን ከፋይ እየደባበሰች ስታደንቅ ሚጣ የእህቷን ተራ ዘላ ከእጇ ላይ ወሰደችባት።

«ይለቃል።»

«ሳታጥቢው በምን አወቅሽ?»

ሚጣ ጣቷን በምራቋ አርሳ የጨርቁን ጫፍ አሸችና አሳየቻት። ጣቷ ቀልቶ ነበር። ታላቋ ለመሳቅ ሞክራ ተወችው።

«አንቺ ግን» አለች፣ «ለምንድነው ጨለማ ጨለማውን የምትወጂው? ሰው ተኝቶ የሚውልበት ክፍል እኮ ነው፤ ትንሽ ብርሃን ይግባበት እንጂ። እንግዳ ሲመጣ እንኳ ደስ ይበለው።»

እንግዳው አይደለም የሚያጥበው፤ ይህ ሚጣ አፍ ላይ መጣና ተመለሰ። የእናቷ ዓይን ጣሪያው ላይ ነበር፤ ጆሮዋ ግን የት እንዳለ ሚጣ ታውቃለች። ስለዚህ መልሷን በጨርቅ ሰጠች፤ አሁንም ተራ ሳትጠብቅ ባለ አበባውን አውጥታ ወረወረችው። ታላቋም በአጸፋው ባለ መስመሩን ወረወረች።

እውነቱን ለመናገር ሁለቱም አልተሳሳቱም። አንዷ ጨርቅን የምታውቀው ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ መብራት ሲበራበት ነው፤ ሌላዋ የምታውቀው ከውሃ ወጥቶ ሲጨመቅ ነው። ታላቋ የምታየው ቅዳሜ ከሰዓት፣ እናቷ ፀጉሯ ተበጥሮ፣ አንሶላዋ ተቀይሮ ስትጠብቃት ያለውን አልጋ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን አልጋ አይታው አታውቅም፤ ሚጣም ያሳየቻት ቀን የለም። እንግዲህ ያላየውን ሰው ምን ይሉታል?

እልህ ግን ክፉ መካሪ ነው። አንዷ ስታወጣ ሌላዋ ስታወጣ፣ ፈዛዛ ሰማያዊው እንኳ ያለ ጥፋቱ ሄደ። ሁለቱም ቀና ሲሉ አልጋው ላይ የቀረው ቅጠልያውና ቢጫው ብቻ ነው። ወንበሩ በጨርቅ ተቆልሎበት ወንበርነቱ አይታይም።

እናትየዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «በሉ ስፉ እንጂ! ከዚህ የድመት ፍራሽ ከወጣ ትልቅ ነገር ነው።»

ልጆቿም ሳቁ። ለአፍታ ያህል ቤቱ የድሮው ቤት ሆነ። ከዚያ እናትየዋ ሳቋን ጨርሳ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገችና «እኔስ ተራ የለኝም?» አለች።

የሚያለብሱት ሰው እፊታቸው ተኝቶ፣ ጨርቁን እግሩ ላይ ዘርግተው፣ አንዴም አልጠየቁትም። ዕፍረቱ ለሁለቱም እኩል ደረሳቸው።

«አለሽ እንጂ እማዬ» አለች ታላቋ በጥድፊያ። «ተራው ያንቺ ነው፤ አውጪ።»

እናትየዋ እጇን ዘርግታ ቢጫውን ሳበች። ቢጫ የእሷ ቀለም ነው፤ ይህንን ለልጆቿ መንገር አያስፈልግም። ሻርፗ ቢጫ፣ የሻይ ኩባያዋ ቢጫ፤ የስፌት መኪናዋን እግር እንኳ በአንድ ወቅት ቢጫ ቀለም ቀብታው የሰፈር መሳቂያ ሆና ነበር። ጨርቁን በጣቶቿ መሃል አሸት አሸት አደረገችው፤ ወደ ጉንጯም አስጠጋችው። ከዚያ ወደ ወንበሩ ልትወረውረው ብትሞክር ክንዷ አልደረሰላትም፤ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ይውጣ» አለች።

«እማዬ! ቢጫው እኮ ነው!»

«ዓይን አለኝ። ቆሻሻ አይችልም።» ድምፅዋ ስለ ሌላ ሰው የምታወራ ያህል ረጋ ያለ ነበር። «ሌሊት እኔ የማበላሸውን የምታጥበው እሷ ናት። ቢጫ ብታለብሱኝ አንዲት ሌሊት ደህና አያድርም። እኔ የማስቀረው ቡናማውን ነበር፤ አንቺ ቀድመሽ ወረወርሽው እንጂ።»

ሚጣ ክው አለች። ሌሊት አንሶላ ስትቀይርላት እናቷ ዓይኗን ጨፍና፣ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ዝልፍልፍ ብላ ነበር የምትገላበጥላት። ሚጣም የተኛች መስሏት ትንፋሿን ውጣ፣ በእግሯ ጣት እየሄደች ትሠራለች። ጠዋት እናቷ አንሶላው ስለምን እንደተቀየረ ስትጠይቃት «ውሃ ፈሶብሽ ነው» ትላታለች።

«ተኝተሽ አልነበር እንዴ?» አለች፤ ሌላ የምትለው አልመጣላትም።

«ሰው ከሥሩ አንሶላ እየተጎተተበት ይተኛል? ዓይኔን የምጨፍነው ሁለታችንም እንዳናፍር ብዬ ነው እንጂ። ሁሉንም እሰማለሁ። ባልዲው ሲንኳኳ እሰማለሁ። አንዳንዴ እያጠብሽ ታንቀላፊያለሽ፤ ውሃው ይፈሳል፣ እጅሽ ግን ያቆማል። ያኔ ልጠራሽ እልና እተወዋለሁ። ትንሽ ትተኛ እላለሁ።»

ይህ ሚጣ ያሸነፈችበት ሰዓት መሆን ነበረበት። የፈለገችው ቀለም በእናቷ አፍ ተመረጠላት። ደስታ ግን አጠገቧ አልደረሰም። እናቷ የምትወደውን ቀለም ለእሷ ድካም ብላ ወለል ላይ ስትጥል አሳዘነቻት፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ተናደደች። በማን እንደሆነ አታውቅም፤ በእህቷ፣ በራሷ፣ በዚያ ሁሉ ጨርቅ። እናት ልጇን እየፈራች ቀለም የምትመርጥበት ቤት ምን ዓይነት ቤት ነው? ጎንበስ ብላ ቢጫውን አነሳችና አልጋው ላይ መለሰችው።

«የወጣ አይመለስም» አለች እናትየዋ።

«ይመለሳል። ነጩም ይመለሳል።» ወንበሩ ላይ ያለውን ቁልል በሙሉ አቅፋ አምጥታ አልጋው ላይ አፈሰሰችው። «የፈለግሽውን ቀለም ልበሺ እማዬ። እኔ ግን... እትዬ፣ ደክሞኛል። ቆሜ ነው የምተኛው። ግንባሬ አብጦ አላየሽም? ከመጣሽ ጀምሮ ምን ሆንሽ አላልሽኝም። እሷን ጠልቼ አይደለም፤ ጠልቼ አይደለም እማዬ። እትዬ፣ አንቺም ልጇ ነሽ። ውሰጃት። ትንሽ ጊዜ ብቻ። እኔ ልተኛ።»

ያን ያህል ጊዜ ያለሳለሰቻት ዓረፍተ ነገር እንዲህ ተበጣጥሳ ወጣች። «እባክሽ» ማለቱን እንኳ ረሳችው።

መጋረጃ ሻጯ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ዳንቴሉ ላይ ተቀመጠች። «ቤቴ እኮ ሦስተኛ ፎቅ ነው» ብላ ጀመረች። «ባሌም ደግሞ...» ራሷም አላመነችበትም መሰል አቋረጠችው።

«አልችልበትም» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ አንሶ። «እንዴት እንደምትነሳ፣ እንዴት እንደምትገላበጥ አላውቅም። እሰብራታለሁ ብዬ እፈራለሁ። እዚህ መጥቼ ስለ ሱቅ የምለፈልፈው አንድ ነገር አድርጊልኝ እንዳትለኝ ነው። ይሄን ጨርቅ ያመጣሁትም... ለእሷ የማደርገው የማውቀው ነገር ቢኖር ብዬ ነው።»

ሚጣ ይህን ጠብቃ አታውቅም። እህቷ ደንታ ቢስ ናት ብላ ደምድማ፣ ንዴቷንም በዚያው ልክ አዘጋጅታ ነበር። ደንታ ቢስ ብትሆን ኖሮ ለመናደድም ይቀል ነበር። ፈሪን ግን ምን ያደርጉታል?

እናትየዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። «መማር ከፈለግሽ ጊዜው አሁን ነው» አለች። «ቅድም ስስቅ አምልጦኛል።»

ሦስቱም ተያዩ። ታላቋ መጀመሪያ በሩን አየች፣ ቀጥላ ታናሿን አየች፤ ከዚያ ተነስታ እጅጌዋን ሰበሰበች።

ጨርቁ ሁሉ ሳሎን ተወሰደ። ሚጣ ከአልጋው ወዲያ ማዶ ቆማ በአፏ ብቻ መራቻት። «ጉልበቷን እጠፊው። አንድ እጅሽን ትከሻዋ ላይ፣ አንዱን ዳሌዋ ላይ፤ በደህናው በኩል። አትግፊያት፣ ወደ ራስሽ ሳቢያት። በዚህ በኩል ዞረሽ እርጥቡን ጠቅልለሽ እስከ ጀርባዋ አስጠጊው። ደረቁን ከኋላው ዘርጊና ግማሹን እንደዚያው ጠቅልይው። አሁን በጉብታው ላይ ወደዚህ አሳልፊያት። ቀስ...»

አንሶላው ተጣመመ፣ አንዱ ጥግ ከፍራሹ ሥር ወጣ፣ ትራሱ ወደቀ። «ጎትቺ እንጂ!» አለች እናትየዋ ፊቷ ፍራሹ ላይ እንዳለ። «ብርጭቆ አይደለሁም!» ሚጣ ለማገዝ እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው። እንደገና ዘረጋችው፣ እንደገና ሰበሰበችው። አንሶላው ሲያልቅ ተሸብሽቦ ነበር፤ ሆስፒታል ቢሆን ፈርሶ እንደገና ይነጠፋል። ግን ደረቅ ነው፤ እናትም አልተሰበረችም።

ታላቋ ላቧን በክንዷ ጠረገች። ዓይኗ ቀልቷል። «የሚመጣው ቅዳሜ መኪና ይዤ እመጣለሁ» አለች። «ክረምቱ እስኪወጣ እኔ ጋ ትሁን። ደረጃውን ባሌና ወንድሙ ይሸከሟታል፤ እንቢ ካሉ እኔ እሸከማታለሁ።»

«እኔን የጠየቀ አለ?» አለች እናትየዋ።

እሷን ሳይጠይቁ ሲወስኑ ዛሬ ይህ ሁለተኛቸው ነው። ሚጣ አልጋው አጠገብ በርከክ አለች። «ትሄጃለሽ እማዬ?» አለች። ይህቺ ጥያቄ ይዛት ከዞረችው ዓረፍተ ነገር ይልቅ ከበደቻት።

እናትየዋ የልጇን ግንባር፣ ያበጠውን ቦታ፣ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። «እሄዳለሁ» አለች። «እኔም እኮ ደክሞኛል። አንቺ ስትደክሚ ማዳመጥ ይደክማል።» ቀጥላ አንገቷን ወደ ታላቋ መለሰች። «አጣቢዋ አንቺ ከሆንሽ ግን ቢጫው ይግባ። ነጩንም ጨምሪበት፤ ምን ገዶኝ!»

ታላቋ እየሳቀችም እያለቀሰችም እርጥቡን አንሶላ ከወለሉ ሰበሰበች። ሚጣ ልትቀበላት ብትነሳ በክርኗ መለሰቻት። «ይሄን እኔ አጥበዋለሁ። አንቺ ተቀመጪ» አለችና ወደ መታጠቢያ ክፍሉ ገባች።

ወንበሩ አሁን ባዶ ነው። ሚጣ መጀመሪያ ጫፉ ላይ፣ አሁኑኑ እንደሚጠሯት ሰው ሆና ተቀመጠች። የሚጠራት አልነበረም። ቀስ ብላ ወደ ኋላ ተደገፈች፤ ጀርባዋ የወንበሩን ደገፋ ሲነካ እግሮቿ መክበድ ጀመሩ። ከመታጠቢያ ክፍሉ የቧንቧው ድምፅ መጣ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የማሞቂያው ጉርምርምታ። ሙቅ ውሃ ነው የከፈተችው። እንዲህ ያለ እድፍ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚለቀቀው፤ ሙቅ ከነካው ይጣበቃል፣ ከዚያ በኋላ በረኪናም አያነሳው። ማጠቢያ ክፍል የገባ ሰው በመጀመሪያው ቀን የሚማረው ይህንን ነው።

ሚጣ ጉልበቷን ተደግፋ ልትነሳ ቃጣች።

«ሙቁን ነው የከፈተችው» አለች።

«ሰምቻለሁ» አለች እናትየዋ። «ተያት።»

«እድፉ እኮ ይቀራል።»

«ይቅር።»

ሚጣ ለመመለስ አፏን ከፈተች። ቀዝቃዛውን፣ መዘፍዘፉን፣ ሳሙናው መቼ እንደሚገባ ልትነግራት ነበር። ከውስጥ እህቷ አንሶላውን ያለ ልኩ ስትፈትገው፣ ውሃውን ወለል ላይ ስትደፋው፣ ለራሷ ስታጉረመርም ይሰማል። እናትየዋም ጣሪያውን እያየች ታዳምጣለች። ሚጣ የጀመረችውን ቃል ሳትጨርስ፣ አገጯ ደረቷ ላይ ወርዶ፣ እንቅልፍ ወሰዳት።